የልክ ሚዛን ስም ጨረታ

ሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ኮምፒውተሯን ከፍታ የሟች ባሏን የኢሜይል ሳጥን ብትነካው አልከፈት አላት። መጀመሪያ የይለፍ ቃሉን ተሳስቼ ይሆናል ብላ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ደገመችው። እንቢ አለ። በሦስተኛው «ይህ አድራሻ የለም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ። የጋለ ካውያ እንደነካ ሰው እጇን ከማውሱ ላይ መንጭቃ ብብቷ ውስጥ ወሸቀችው።

ያ «የለም» የተባለው አድራሻ ከአንዲት ልጇ ጋር የሚያገናኛት ብቸኛ ክር ነበር።

የመንገዱ ሰው ሁሉ ሰፊዋን «እማማ ቢሆንስ» ይላታል። ዝናብ ሲያካፋ «ጎርፍ ቢሆንስ?»፣ በር ሲንኳኳ «መርዶ ቢሆንስ?»፣ ሐኪም ምንም የለብሽም ሲላት «ደብቆኝ ቢሆንስ?» ማለት ልማዷ ነው። ስሙን ያወጣላት ከግድግዳዋ ወዲያ የሚሠራው ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። እሱም በተራው ብሎን ይባላል፤ ሲሠራ ብሎኖቹን በከንፈሩ ነክሶ በመካከላቸው ስለሚያወራ። አርባውን ያለፈ፣ ራሰ በራ፣ ነገር ሁሉ ቀልድ የሚመስለው ሰው ነው። የተከራየው ክፍል ድሮ የባሏ መሥሪያ ነበር። ባሏ ሚዛን ጠጋኝ ነበር፤ የሥጋ ቤቱን፣ የእህል ነጋዴውን፣ የወርቅ ሠሪውን ሚዛን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያስተካክል ኖሮ ከሦስት ዓመት በፊት አረፈ። የመሥሪያው ስም ልክ ሚዛን ይባል ነበር። ብሎን ሰውየው በሕይወት ሳለ በዚሁ ስም ድረ ገጽ ከፍቶለት፣ የሚዛን ፎቶ ለጥፎለት፣ መጨረሻው «ልክ ሚዛን ዶት ኮም» የሆነ ኢሜይልም አውጥቶለት ነበር። ሰውየው ከሞተ ወዲህ ገጹን የሚያይ አልነበረም። እሷም የእሱ የሆነ ነገር ሲጣል ማየት ስለማትወድ፣ እንደ ኮቱና እንደ ባርኔጣው አድራሻውም ተሰቅሎ ቀረ።

ኋላ ላይ ለክፉ ቀን ደረሰ። ልጇ የተዳረችው ለአንድ የስልክ መስመር ተቆጣጣሪ ነው። ሲያዩት ጨዋ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለእንደሱ ዓይነቱ ነው። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ልጅቷ በዚያ ሙቀት አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ መጣች። እናት ሻርፑን ፈትታ የቀሚሷን ኮሌታ አየች። ስፌት እንዴት እንደተቀደደ ራሱ ይናገራል። ከዚያ ብዙም አልቆየ፤ ከስምንት ወር በፊት ልጅቷ አንዲት ቦርሳ ይዛ፣ እናቷ ስሙን እንኳ ወዳልጠየቀችው ከተማ ሄደች። ያላወቁትን አይናገሩትም ብላ ነው ያልጠየቀችው። ስልክ የማይታሰብ ነው፤ ማን ከየት እንደደወለ ለማወቅ አማቿ ወንበሩን ወደ ባልደረባው ማዞር ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ እናትና ልጅ በሞተ ሰው ስም ላይ ተስማሙ። የሟችን ደብዳቤ ማን ይፈልጋል?

ሕጉን ያወጣችው እናት ናት። በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ትጽፊያለሽ፤ በየጊዜው ከሌላ ኢንተርኔት ቤት፣ በአዲስ አድራሻ፤ መልሴን እንዳነበብሽ አድራሻውን ትጥይዋለሽ። ልጅቷ ደጃፍ ላይ ቆማ «እማ፣ እንደ ሰላይ አደረግሽኝ እኮ» ብላ ለመሳቅ ሞክራ ነበር። እናት አልሳቀችም።

«ደብዳቤሽ ከተመለሰብሽ ግን እኔ የለሁም ማለት ነው» አለቻት።

«ምነው እማ፣ አያድርስ በይ እንጂ።»

አያድርስ አላለችም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አማቿ በበኩሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣል። ነጭ መኪናውን ከመንገዱ ማዶ ያቆምና ሞተሩን አጥፍቶ ጥቂት ይቀመጣል። ከዚያ የሚሰፋ ነገር ይዞ ይገባል፤ የተበጠሰ ቁልፍ፣ የተተረተረ እጅጌ። «ሚስቴ ስትመለስ ተጎሳቁዬ እንዳታገኘኝ ብዬ ነው እማማ» ይላል። እሷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ከክር ጋር የኖረች ናት። ተስቦ የተበጠሰ ክር ጫፉ ይበተናል፤ በምላጭ የተቆረጠ ግን ቀጥ ብሎ ይቀራል። የእሱ ቁልፎች፣ ስምንት ወር ሙሉ፣ አንድ ሳይቀር በምላጭ የተቆረጡ ነበሩ። ቤቱ ቁጭ ብሎ ይቆርጣቸዋል፤ ከዚያ ይዞላት ይመጣል። እሷም እንዳላየች ሆና ትሰፋለታለች።

እንግዲህ ያን ሰኞ፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ግድግዳውን ዞራ ብሎን ዘንድ ገባች። እሱ የአንድ ኮምፒውተር ሆድ ዕቃ ዘርግፎ ተቀምጧል። የሆነውን ነገረችው። ልጅቷ እንዴትና ለምን እንደሄደች ከእናቷ ሌላ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ ያን ዕለት ቦርሳዋን በጀርባ በር ያወጣላት እሱ ነበርና።

ብሎን ጥቂት ፈልጎ ዞር አለ። «እማማ፣ ማስጠንቀቂያ አልመጣልዎትም? ስሙ ሊያልፍ ነው፣ አድሱት የሚል?»

መጥቶላት ነበር። ስድስት ጊዜ። በባንኩ አዳራሽ ሴቶችን ሰብስበው ስለ አጭበርባሪ ሲያስተምሩ፣ አንዷ ሠራተኛ «ቶሎ ክፈሉ፣ አለዚያ ታጡታላችሁ የሚል ደብዳቤ ከመጣ ሌባ ነው፤ ሳታነቡ አጥፉት» ብላ ነበር። ሌላው ሴት ሰምቶ ረሳው፤ እማማ ቢሆንስ ግን እንደ ወንጌል ያዘችው። «ስምዎ ሊያልፍ ነው» ሲል አጠፋች። «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ሲል አጠፋች። ስድስተኛውንማ «ደግሞ መጣ ሌባው» ብላ በኩራት ነው ያጠፋችው። የሚያስፈራትን ነገር ሁሉ ስትጠብቅ ኖራ በዚያው በጥበቃዋ ተዘረፈች።

ብሎን ብሎኖቹን ከከንፈሩ አንድ በአንድ እያወጣ የቆርቆሮ ሳህን ላይ ጣላቸው። ጭል፣ ጭል፣ ጭል። ያን የሚያደርገው ነገሩ ሲከፋ ብቻ ነው።

እያዘነ አስረዳት። የኢንተርኔት ስም ርስት አይደለም፤ ኪራይ ነው። ኪራዩ ሲያልፍ ጥቂት ሳምንት ይታገሱና ስሙን ለጨረታ ያወጡታል። ከየአገሩ የሚፈልግ ይጫረታል፤ ያሸነፈ ይወስደዋል። ባለቤቱ መጥቶ ልመልስ ቢልስ? ይችል ነበር፤ ግን ባለቤት መሆኑን የሚያረጋግጡት ደብዳቤ የሚልኩት በዚያው በሞተው አድራሻ ነው። ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መቆለፍ። የተመዘገበውም በባሏ ስም ነው፤ እሱ ደግሞ መጥቶ አይፈርም። የሚቀረው መንገድ እንደማንም ባዳ ገብቶ መጫረት ነው። ጨረታው ሐሙስ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል።

«ሌላ ሰው ቢወስደውስ?» አለች።

«ስሙ የእሱ ይሆናል።»

«ደብዳቤውስ?»

ብሎን ራሰ በራውን አሸት አሸት አደረገ። «ከዚያ በኋላ በዚያ ስም የሚላክ ደብዳቤ ሁሉ እሱ እጅ ይገባል።»

ዱቄት መሰለች። ልጅቷ የምትጽፈው አያልቅባትም፤ ያከራየቻትን ሴትዮ፣ የምትሠራበትን ልብስ ማጠቢያ፣ መስኮቷ የሚያየውን አደባባይ። የከተማውን ስም ባትጠራም፣ የሚፈልጋት ሰው በሦስት ደብዳቤ ደጃፏ ይደርሳል።

«ስሙ ባለቤት እስኪያገኝ የሚላከውስ የት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድ። ላኪው ላይ ይመለሳል።»

«ተመስገን፤ ይመለስ» አለች። በሕይወቷ አንድ ነገር ሳትጠረጥር ያለፈችው ያኔ ነው።

ብሎን አጥብቆ መከራት። እስከ ሐሙስ ድረስ ማንም እንዳይነካው። ማንም ዋጋ ያልሰጠበትን ስም ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ በሺህ የሚቆጠር ስም በየቀኑ ይወጣልና። አንድ ሰው ዋጋ ከሰጠበት ግን «ተፈላጊ» የሚል ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ባዶ ጠርሙስ ሰብሳቢ እንዳየው ጠርሙስ ነው። ስለዚህ መጨረሻው አምስት ደቂቃ ላይ ብቻ ይገባሉ። እስከዚያ ዝም። «ዝም ማለት ይችላሉ?» አላት። «እችላለሁ» አለች። «የእርስዎን ኮምፒውተርም ጨረታው ላይ ላስመዝግበው እንዴ?» ሲላት «አዎ፣ መብራት ቢጠፋብህስ?» አለችው። አስመዘገበው። ያ ነው ስህተቱ።

ማክሰኞ ከሰዓት የአንድ ቤት መጋረጃ ስትዘመዝም ኮምፒውተሩ ፊት ለፊቷ ነበር። «ልክ ሚዛን» ይላል፤ ከሥሩ የቀረው ሰዓት ይቆጥራል። አንድ ጠርዝ ዘመዘመችና አየችው። ሌላውን ዘመዘመችና አየችው። ሐሙስ ብሎንን ሆዱን ቢያመውስ? ሰዓቱ የሌላ አገር ሰዓት ቢሆንስ? እነሱ ሳይገቡ ቢዘጋስ? ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ ልስጥ፣ ቦታ ለመያዝ ያህል፣ አለች። ጣቷ ላይ የጣት ቆቡ እንዳለ ማውሱን ተጫነች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ለእሷ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ከእሷ ዋጋ በላይ የሌላ ሰው ዋጋ አድሮ አገኘች። ስም የለውም፤ «ተጫራች ሁለት» ብቻ ይላል።

ብሎን አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ስም ነጋዴ ይሆናል አላት፤ ስም እየለቀሙ መልሰው የሚሸጡ አሉ፣ የማንም ስም አይገዳቸውም፣ ትርፍ ብቻ ነው የሚያዩት። ሚዛን ለሚሸጥ ድርጅት ሊቸበችበው ነው አላት።

«እሱ ቢሆንስ?» አለች።

ብሎን ሁልጊዜ «ቢሆንስ» ስትል ይስቅ ነበር። ያን ጠዋት ግን አልሳቀም።

ሐሙስ ቀትር ላይ መጋረጃውን አስረክባ ብሎን ሱቅ ገባች። እሱ በሩን ግማሽ አውርዶ ነበር። ባለ ሦስት እግሩ መቀመጫ ላይ ተቀመጠች፤ ባሏ የሚዛን ድንጋዮቹን የሚደረድርበት መቀመጫ ነበር። ለቤቷ ጣራ ማደሻ ያስቀመጠችውን ብር በሙሉ ለዚህ አድርጋዋለች፤ የላስቲኩ ጣራ አንድ ክረምት ይችላል ብላ። እየጠበቁ ብሎን ሊያጫውታት ሞከረ፤ ሟች ባሏ አንድ ጊዜ የሥጋ ነጋዴውን ሚዛን አስተካክሎ ሲመልስለት ሰውየው «ምነው አበላሸኸው?» ብሎ እንደጮኸበት አወራላት። ከንፈሯን ሳብ አደረገች እንጂ አልሰማችውም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ አራት ደቂቃ ሲቀረው ብሎን ጨረታው ውስጥ ገባ። ወዲያው «ተጫራች ሁለት» በላዩ ጨመረ። ሰዓቱ ተመልሶ አምስት ደቂቃ ሆነ። ይህኛው ወጥመድ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሰው በገባ ቁጥር አምስት ደቂቃ ይጨመራል። ብሎን ጨመረ። ያኛው ጠበቀ፤ አምስቱ ደቂቃ ሊያልቅ ሠላሳ ሴኮንድ ሲቀረው ጨመረ። ብሎን ጨመረ። ያኛው እንደገና ሠላሳ ሴኮንድ ላይ። ሳይጣደፍ፣ ሳያፈገፍግ፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ። የአንድ ሰው እጅ በስፌቱ እንደሚታወቅ ሁሉ ይህም እጅ ታወቃት። የማይጣደፍ ሰው ታውቃለች።

ይህ አሥራ አንድ ጊዜ ሆነ። የጣራው ብር ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ብሎን ፊቷን ሳያይ ከራሱ ጨመረበት። አምስት ደቂቃው መቁጠር ጀመረ። አንድ ደቂቃ። ሠላሳ ሴኮንድ። ሃያ። አሥር። ማንም አልመጣም።

«አገኘነው እማማ» አለ ብሎን፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። «እልል ይበሉ እንጂ።»

እሷ የስክሪኑን ባዶ ቦታ እያየች ነበር። «ለምን ተወው?»

«ገንዘብ አልቆበት ነዋ።»

«አሥራ አንድ ጊዜ የጨመረ ሰው በአሥራ ሁለተኛው ለምን ይተወዋል?»

«እማማ፣ ዛሬ እንኳ ደስ ይበልዎት» አለ ብሎን። ደስ ሊላት ሞከረች። የማይሆን ልብስ እንደ መልበስ ሆነባት።

ስሙ ወደ እነሱ እስኪዛወር ሁለት ቀን ፈጀ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ብሎን ሱቁን ዘግቶ መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ከፍቶ አያውቅም፤ ተኝቶ የሚውልበት ቀን ነው። ያን ቀን ግን እሷ ክፍል ተቀምጦ የደብዳቤ ሳጥኑን እንደገና አቆመው። በዚያ ስም የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ እዚያ እንዲገባ አደረገው። ባዶ ነበር። ሊነሳ ሲል ግን አንድ ደብዳቤ ገባ። የተጻፈው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ስሙ ባለቤት ስላገኘ ሳይመለስ፣ የላከው ኮምፒውተር እየደጋገመ ሲሞክር ውሎ በሩ ሲከፈትለት ነው የደረሰው።

ሰፊዋ ቆማ አነበበችው።

«እማዬ፣ እሑድ የጻፍኩት ተመለሰብኝ። ማክሰኞ ላክሁ፣ ተመለሰ። ሐሙስም ተመለሰ። ይህም እንደሚመለስ አውቃለሁ፤ ግን ዝም ብዬ መሳፈር አልቻልኩም። ደብዳቤሽ ከተመለሰ የለሁም ማለት ነው ብለሽኝ ነበር። እኔ አላምንም። ታመሽም ከሆነ፣ ሌላም ከሆነ ሳላይሽ አልቀርም። አውቶብሱ ዛሬ አሥር ሰዓት ይገባል። በጀርባ በር ነው የምመጣው፤ አትፍሪ።»

የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ ይዛ ተቀመጠች። ስሙን ለማስመለስ ስትሮጥ፣ ስሙ ባልነበረበት ጊዜ የሚመለሰውን ደብዳቤ ረስታ ነበር። ብሎን መልስ ጻፈ፤ አትምጪ፣ ደህና ነኝ፣ ካለሽበት ተመለሽ። ግን ማን ሊያነበው? ልጅቷ ደብዳቤ የምታየው ከኢንተርኔት ቤት ብቻ ነው። አሁን መንገድ ላይ ናት።

ሰዓቱ ስምንት ይላል። ሰፊዋ ልማድ ሆኖባት በመስኮቱ አየች። ነጩ መኪና ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ሞተሩ ጠፍቷል።

«እኔ ልሂድ መናኸሪያ» ብላ ተነሳች።

ብሎን ትከሻዋን ይዞ አስቀመጣት። «እርስዎ ከሄዱ እሱም ይከተላል። ስምንት ወር የጠበቀው እርስዎ እስኪሄዱለት ነው። እኔ እሄዳለሁ፤ አውቶብሱ መናኸሪያ ሳይገባ ነዳጅ ማደያው ጋ ይቆማል፤ እዚያ አወርዳታለሁ። ከዚያ...»

«ከዚያ ወዴት እንደምትወስዳት አትንገረኝ።»

ቀና ብሎ አያትና ራሱን ነቀነቀ። ስልክ እንዳይደውልም ተስማሙ። ምልክቱ ይህ ሆነ፤ ልጅቷን ደህና ቦታ አድርሶ ሲመለስ የሱቁን የብረት በር ይጠቀልለዋል። ዘይት አጥቶ የሚያላዝን በር ነው፤ ግድግዳውን አልፎ ጥርስ ድረስ ይሰማል። «እስከዚያ እሱን እዚህ ያቆዩት» አላት። «ዝም ብለው ይስፉ። ሌላ ምንም አያድርጉ።» የአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ቀፎ ትከሻው ላይ ተሸክሞ በፊት ለፊቱ በር፣ በመኪናው አጠገብ፣ እያፏጨ ሄደ።

አማቿ የገባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ቡናማ ሸሚዝ ታጥፎ በክንዱ ላይ አለ፤ እላዩ ላይ ነጭ ለብሷል።

«ዛሬ ሁለት ቁልፍ ነው እማማ» አለ።

«ስጠኝ ልጄ። ተቀመጥ።»

ከግድግዳው ሰዓት ፊት ለፊት ተቀመጠ። ክሩን ስትቆርጥ ክርኗን ከጉልበቷ አጣበቀች። ሸሚዙ ላይ የቀሩትን የክር ጫፎች አየች፤ ቀጥ ያሉ ናቸው። ስለ ሙቀቱ አወራ። ስለ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሹም አወራ። የመጀመሪያውን ቁልፍ በአራቱም ቀዳዳ ሁለት ሁለት ጊዜ ሰፋችው፤ እንደ ሸራ። ዘጠኝ ተኩል።

«የአባባ የድረ ገጽ ስም ተመለሰ አይደል?» አለ፣ እንደ ዘበት።

መርፌው ቆመ፤ ወዲያው አስቀጠለችው። «አንተ ደግሞ የት አየኸው?»

«ጊዜያቸው ያለፈ ስሞች ዝርዝር አለ እኮ፤ ማታ ማታ ሥራ ስፈታ አየዋለሁ። የአባባን ስም ሳይ አዘንኩ። እኔም ትንሽ ሞክሬ ነበር።» ፈገግ አለ። «ከዚያ ተውኩት። ሌላው ሰው ምን ያህል እንደሚፈልገው ካወቅሁ በቃኝ።»

ጣቷን ወጋች። ደሙ ሸሚዙ ላይ እንዳይወርድ አፏ ውስጥ አደረገችው። ሐሙስ የጠየቀችው ጥያቄ መልስ አገኘ። ስሙን አልፈለገም ነበር፤ ስሙ ለእሷ ስንት እንደሚያወጣ ነው የመዘነው። እሷም በጣራዋ ብር አስመዘነችው።

«የባሌ ስም ነው» አለች። «ሚዛን የሚያጭበረብር ሌባ እጅ እንዲገባ አልፈለግሁም።»

«ልክ ነዎት። ስም ክቡር ነው።»

ሁለተኛውን ቁልፍ ጀመረች። ሆን ብላ ከቀዳዳው ፈቀቅ አድርጋ ሰፋችው፤ አየችው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ፈታችው። ዓይኔ ደከመ ልጄ አለችው። አይቸኩሉ አላት። እንደገና ሰፋች፤ ክሩን አቋጥራ እንደገና ፈታች። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ስፌት በክፉ ሠርታ አታውቅም፤ ያን ቀን ሠራች። አሥር ሰዓት ሞላ። አሥር ከሩብ ሆነ። እሱ ሰዓቱን አየ፣ እሷን አየ፣ የተዘጋውን ኮምፒውተር አየ። አሥር ተኩል። መቀመጥ ይህን ያህል ከባድ ሥራ መሆኑን አታውቅም ነበር። ማክሰኞ ያቃታት ዝም ብሎ መጠበቅ አሁን በየደቂቃው ይፈትናት ጀመር፤ መስኮቱን አትይ፣ ተነሽ አትበይ፣ መርፌሽን ብቻ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከግድግዳው ወዲያ የብረቱ በር አላዘነ። ከታች ጀምሮ እስከ ላይ፣ ሙሉውን።

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ልጇ አምልጣለች። የት እንዳለች አታውቅም፤ ደህና ናት። ሸሚዙን አጥፋ ዘረጋችለት። እሱ ግን አልተቀበላትም፤ ጆሮው ወደ ግድግዳው ነበር።

«ብሎን ቅዳሜ ከሰዓት ይከፍታል እንዴ?» አለ።

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል።»

«ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቅዳሜ ከፍቶ አያውቅም።»

ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነው። ተነስቶ ሸሚዙን ተቀበላትና አዲሱን ቁልፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ሳብ አደረገው። አልነቃነቅ አለው። «ጠንክሯል» አለ። እጇን ይዞ አመሰገናት፤ የወጋችውን ጣት አየት አድርጎ ለቀቃት።

ከኋላው ቆማ አየችው። መንገዱን ተሻግሮ ወደ መኪናው አልሄደም። ወደ ግራ ታጠፈ፤ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ ሳይጣደፍ።

ወደ ውስጥ ተመልሳ ጆሮዋን ልስኑ ላይ ለጠፈች። ድሮ ባሏ ሚዛን ሲያስተካክል የምትሰማው በዚያ በኩል ነበር። ሰላምታ ሰማች፤ ጨዋ ሰላምታ። ወንበር ሲሳብ ሰማች። ብሎን ቀልድ እስኪመልስ ጠበቀች።

ቀልድ አልመጣም። የመጣው ብሎኖቹ አንድ በአንድ የሚጣሉበት የቆርቆሮ ሳህን ድምፅ ነው። ጭል። ጭል። ጭል።